የክዳኑ ምስክር

እስጢፋኖስ ጠዋት ሻይ ሲያፈላ ሁለት ብርጭቆ ያወጣና አንዱን መልሶ ያስቀምጣል። ሚስቱ ሸዋረገድ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ እጁ ግን ገና አልሰማም። ልጅ አልሰጣቸውም። የመካኒሳ ጎረቤቶቹ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ሲያልፉ "እንዴት አደሩ ጋሼ?" ይሉታል። ግን ደግ ሰውም የራሱ ቤት፣ የራሱ ጣጣ አለው። ጡረተኛው ሻዩን ጠጥቶ ብርጭቆውን ያለቀልቅና የሚያናግረው ሲያጣ ወደ ጓሮ ይወጣል። እዚያ ክዳኑ አለ።

ስለዚህ ክዳን ሳልነግራችሁ ብቀጥል ነገሩ አይገባችሁም። እስጢፋኖስ ዕድሜውን የጨረሰው ከመሬት በታች ነው፤ የስልክ ኬብል ቀጣይ ነበር። መንገድ ላይ የምትረግጡት ክብ የብረት ክዳን አለ አይደል፣ ማንሆል የሚባለው? ከሥሩ ጉድጓድ አለ፤ ኬብሉ ውሃ ሲገባበት ወይም ሲበጠስ ወደዚያ ወርዶ የሚቀጥለው እሱ ነበር። ያን ብረት ሌባ እየፈነቀለ ለአቅላጭ ይሸጠዋል፤ አፉን ከፍቶ የቀረው ጉድጓድ ደግሞ ሰው አይመርጥም፣ ያገኘውን ይውጣል። እስጢፋኖስ ጡረታ ሲወጣ ይህን ነገር ይዞ ተቀመጠ። የፋይበር ግላስ ጨርቅ ሙጫ እያጠጣ፣ እየደራረበ፣ መኪና ቢወጣበት የማይሰበር ክዳን ሠራ። ቀልጦ የማይሸጥ ነገር ሌባ ምን ያደርግለታል? ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ከነባትሪው እዚያው ሙጫ ውስጥ ቀበረ። ክዳኑ ሲነሳ ወይም ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላ፣ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው መቀበያ ሳጥን ይጮኻል። ሁሉም ሰላም ሲሆን ሳጥኑ አልፎ አልፎ "ጢ" ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

"ይቺ 'ጢ' ለምን አስፈለገች?" ብላው ነበር ሸዋረገድ፣ ያኔ ታማ ጓሮ ፀሐይ እየሞቀች የጨርቁን ጫፍ ስትይዝለት።

"አለሁ ማለቱ ነው" አላት።

የጉድጓድ ሥራ ሕግ አለው፤ ማንም ብቻውን አይወርድም። አንዱ ሲወርድ አንዱ ከላይ ይቀመጣል። ከላይ የተቀመጠው ሰው ሥራ ፈት ይመስላል፤ አላፊ አግዳሚውም "ይሄ ደሞ ደመወዝ ይበላል" እያለ ያልፋል። የሱ ሥራ መጣራት ነው። "አለህ?" ይላል፤ ከታች "አለሁ!" ይባላል። መልሱ ከዘገየ ደግሞ ይጠራል። አሁንም ከዘገየ ገመድ ይሳባል፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀም ክፉ አየር ሰውን ሳያስጮህ ያስተኛልና። እስጢፋኖስ ከጎረምሳነቱ እስከ ሽበቱ "አለህ?" ሲባባል የኖረው ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ ነገሪ የሚባል የላፍቶ ልጅ።

ሸዋረገድ ከመሞቷ በፊት ክዳኑን በመዳፏ እየዳበሰች "ይህን የሠራ ሰው ስሙ አንድ ቦታ መጻፍ አለበት" አለችው። እሱም ሳቀ። ከሞተች በኋላ ግን ያቺ ቃል እንደ ኑዛዜ ሆነችበት። ስሙን የሚያስጠራ ልጅ የለውም፤ እሷም ሄዳለች፤ ነገ እሱ ቢሞት እስጢፋኖስ የሚባል ሰው በዚህች ከተማ ሥር ሲልወሰወስ መኖሩን ማን ያውቃል? ስለ ፈጠራ ሥራ ሕግ ወጥቷል፣ ፓተንት የሚባል ወረቀት ይሰጣል ሲባል የሰማው በዚያው ሰሞን ነው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ የፈጠረው ሰው ስም ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

በ1990 ዓ.ም. መስቀል አልፎ አደይ መርገፍ ሲጀምር፣ ለፓተንት ያስገባውን ማመልከቻ የያዘችው የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ አስጠራችው። ዶርቃ ትባላለች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ፣ ሰው አክባሪ ሴት ናት።

"አቶ እስጢፋኖስ፣ ሥራዎ ግሩም ነው" አለችው። "አዲስ መሆኑንም አልጠራጠርም፤ እንዲህ አጣምሮ የሠራ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ግን አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሕጉ ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ ነገር መሆን የለበትም ይላል።"

"ግልጽ ሲሉ?"

"ይኸውልዎት፣ የፋይበር ክዳን በውጭ አገር ተሠርቷል። ጉድጓድ ውስጥ የሚሰቀል የሬዲዮ ማስጠንቀቂያም አለ፤ እነሱ ክዳኑን ብረት አድርገው አንቴናውን በቀዳዳ አውጥተውታል። ጥያቄው ይህ ነው። ሁለቱን የሚያውቅ አንድ ተራ ባለሙያ እርስዎ ያደረጉትን ብዙም ሳይጨነቅ ያደርገው ነበር ወይ? ያደርገው ነበር ከተባለ ፓተንት አይሰጥም።"

"ከተሠራ በኋላማ ለማን ይጨልማል፣ እመቤቴ? መንገዱን ካሳዩት ዕውርም ይሄዳል።"

ዶርቃ ፈገግ አለች። "ፓተንቱን የሚወስነው ኮሚቴ የሚፈራውም እሱን ነው። ስለዚህ ሙያውን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ሲወርድ የኖረ፣ ግን ይህ ሐሳብ ያልመጣለት ሰው ይዘው ይምጡ። ይጠየቃል። እሱ 'አልታየኝም ነበር' ካለ ትልቅ ማስረጃ ነው።"

እስጢፋኖስ ደረጃውን ሲወርድ አንድ ሰው ብቻ ነበር በሐሳቡ የሚመላለሰው። ነገሪ እንዳልታየው በደንብ ያውቃል። አንድ የክረምት ቀን ነገሪ የእጅ ሬዲዮ ይዞ ወርዶ ሳለ ዝናቡ መጣና እስጢፋኖስ የብረቱን ክዳን ገፋ አድርጎ ከለለለት። ወዲያው የነገሪ ድምፅ ከሬዲዮው ጠፋ። ደንግጦ ብረቱን ሲያነሳው ድምፁ ተመለሰ። ነገሪ በስብሶ ወጣና "ይሄ ባትሪ ነው ያለቀው" ብሎ ሬዲዮውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ኪሱ ከተተው። ነገሩ ለሱ እዚያው አለቀ። እስጢፋኖስ ግን "ብረቱ ነው ያፈነው" እያለ ሲያብሰለስል ዓመታት ኖረ። እንግዲህ ከነገሪ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

ችግሩ ሌላ ነው። ሸዋረገድ ስትሞት ነገሪ ለቅሶ አልደረሰም።

እንዲህ ያለውን ነገር ለሐበሻ ማብራራት አያስፈልግም። ድንኳኑ ሲጣል፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ የእስጢፋኖስ ዓይን በሩ ላይ ነበር። የማያውቀው ሰው ሁሉ መጥቶ "እግዜር ያጥናህ" ሲለው፣ ያ ዕድሜ ልኩን ከላይ ሆኖ "አለህ?" ሲለው የኖረ ሰው አልመጣም። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ። እስጢፋኖስም አልጠየቀም፤ ቅያሜውን ቋጥሮ ተቀመጠ። ሚስቱን ባጣ በወሩ ጓደኛውንም አጣ ማለት ነው፣ ለሁለተኛው ግን ድንኳን አይጣልም።

የወረቀቱ ነገር ከቅያሜው በለጠበትና አንድ እሑድ ወደ ላፍቶ ሄደ። ታክሲ ውስጥ የሚናገረውን አጠና። "ነገሪ፣ ይህ ነገር ላንተ ፈጽሞ አልታየህም ነበር። ይህንኑ መጥተህ መስክርልኝ።" ቀላል ነው። ሲደጋግመው ግን እየከበደው ሄደ። ሲተረጎም ምን ማለት ነው? "ዕድሜህን ሙሉ ጉድጓድ ወርደህ አንዲት ነገር አላስተዋልክም፤ ይህንንም ተማሪ ቤት በዋሉ ሰዎች ፊት ቆመህ ማልልኝ" ማለት አይደለም?

ነገሪ ጎመኑን ሲኮተኩት አገኘው። ቀና ብሎ ሲያየው መኮትኮቻው ከእጁ ወደቀ፣ ፊቱም ዐመድ መሰለ። ሊያቅፈው መጣና መሃል ላይ ቆመ፣ ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጠው።

"እስጢፌ! አንተ ነህ? ግባ እንጂ አቦ! ሞልቱ! ሞልቱ፣ እይው ማን እንደመጣ!"

ሚስቱ ሞልቱ ወጥታ "አካም ጅርቱ" እያለች ተቀበለችው፣ እርጎም አቀረበችለት። ነገሪ አፉን አልዘጋም። ስለ ጎመኑ አወራ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ላፍቶ ስለሚመጣው አዲስ መንገድ አወራ፤ ስለ ሸዋረገድ አንዲት ቃል አልወጣውም። ስሟ ሊነሳ ሲል ወደ ላሞቹ ያመልጣል። እስጢፋኖስ ይህን ሁሉ ሰምቶ ስለ ክዳኑ ነገረው።

"ምስክር ነው የምትፈልገው?" አለ ነገሪ፣ እንደ ሕፃን ዓይኑ በርቶ። "ለአንተ? አንገቴንም እሰጣለሁ! ምን በል ትለኛለህ?"

ይኸው ጊዜው መጣ። እስጢፋኖስ አፉን ከፈተ። የሰውየውን የቆሸሸ እጅ፣ የደስታውን ብዛት፣ በሩ ላይ የቆመችውን ሚስቱን አየ። "የምታውቀውን ትናገራለህ፣ ሌላ ምን አለው?" አለ። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የቀረበትን ደጃዝማችነት በዚያች ደቂቃ ቢያውቅ ኖሮ ይናገር ነበር? አይመስለኝም። ይሉኝታ የያዘው ሰው እያወቀም ገደል ይገባል።

በቀጠሮው ቀን ነገሪ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ናፍታሊን ናፍታሊን እየሸተተ መጣ። ሱፉ ለሠርጉ የተሰፋ ሳይሆን አይቀርም፣ ሆዱ ላይ አልገጥም ብሎ በአንዲት ቁልፍ ተይዟል። ከረጅሙ ጠረጴዛ ወዲያ ዶርቃና የኮሚቴው አባላት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ክዳኑን በሁለት እጁ አንስቶ አየና "ቀላል ነው እኮ!" አለ በመደነቅ። የእስጢፋኖስ ልብ ሞቀ።

"አቶ ነገሪ፣" አለ ሰብሳቢው፣ "ስለዚህ ክዳን የሚያውቁትን ይንገሩን።"

ነገሪ ማንም ሳይጠይቀው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ማለ። ከዚያ ጀመረ።

"ጌቶቼ፣ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ይህን ክዳን ሳየው ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? 'ይሄማ የታወቀ ነው!' አልኩ። ለጉድጓድ ሰው ይህ ነገር እንደ ፀሐይ ነው! ብረት ሬዲዮ እንደሚያፍን የማያውቅ ማን አለ? የማይሰረቅ ክዳን ሠርቶ ከሥሩ ሬዲዮ መግጠም የትኛው ባለሙያ ነው የማያስበው? እኔ ራሴ ስንት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ 'ምነው ይሄ ብረት ቀርቶ ፋይበር በሆነ፣ ሬዲዮም በተገጠመበት' ብያለሁ! ሁላችንም ብለናል! እስጢፋኖስ የሁላችንን ልብ አውቆ ነው የሠራው። ታዲያ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ያልተሰጠ ወረቀት ለማን ሊሰጥ ነው?"

ዶርቃ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችው።

"ማለት... ይህን ሐሳብ እርስዎም አስበውት ነበር?" አለችው ቀስ ብላ።

"እንዴታ!"

"አቶ እስጢፋኖስ፣" ወደሱ ዞረች፣ "ምስክርዎ ያሉት ትክክል ነው? እርስዎ ከመሥራትዎ በፊት አስበውት ነበር? እባክዎ ደህና አድርገው ያስታውሱ።"

ሴትዮዋ በር እየከፈተችለት ነው፤ ገብቶታል። ያን የክረምት ቀን መንገር ብቻ ነው። "ባትሪ ነው ያለቀው" ብሎ ሬዲዮውን እንደመታ፣ ፋይበር የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ይህን ሁሉ አሁን ከፍቅሩ ብዛት እንደፈጠረው። "ይዋሻል" ቢል ወረቀቱ የሱ ነው። ወደ ነገሪ ዞሮ አየው። ነገሪ በዚያ ወፍራም ሱፍ ውስጥ በላብ ተነክሮ፣ "እንዴት ነኝ?" እንደሚል ሰው አንገቱን ይነቀንቅለታል። ለቅሶ ያልደረሰው ሰው ዛሬ መካሻውን ቀን አግኝቷል፤ ዓይኑ ላይ ይነበባል። ይህን ሰው በዚህ ሁሉ ባለ ክራቫት ፊት ውሸታም ማለት አለበት፣ ከማለ በኋላ!

"ትክክል ነው" አለ እስጢፋኖስ። "አስቦት ነበር።"

ዶርቃ ኮሪደር ድረስ ሸኘችው። ነገሪ ራቅ ብሎ ክራቫቱን ሲያላላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አዝናለሁ፣ ኮሚቴው ወደ እርስዎ አዘንብሎ ነበር፤ አሁን ግን አይሆንም" አለችው። እስጢፋኖስ አመሰገናት። እግሩ ሥር መሬቱ የተከፈተ መሰለው፤ ከላይ ደግሞ የሚጣራ የለም።

"ምን አለችህ?" አለ ነገሪ እየሮጠ መጥቶ።

"ምስክርህ ጥሩ ነው አለች።"

"አላልኩህም! ወረቀቱ መቼ ነው?"

"የመንግሥት ነገር ነው። ይቆያል።"

ታክሲ ተሳፍረው ብስራተ ገብርኤል ሲደርሱ ተለያዩ። ነገሪ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ቅዳሜ መጥቼ እጠይቅሃለሁ!" ብሎ ጮኸ።

መጣም። የቆርቆሮውን በር ደብድቦ "አለህ?" አለ። እስጢፋኖስ ከጓሮ "አለሁ!" አለ፤ ይህን ቃል ጮክ ብሎ ከተናገረ ዓመታት አልፈዋል። "ወረቀቱስ?" "ገና ነው።" ተቀመጡ፣ ክዳኑን ገለበጡ፣ የጥንት አለቆቻቸውን አሙ፣ ሲመሽ ነገሪ ሄደ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ዝናብ ጀመረ፤ ነገሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ "ገና ነው" ይባላል፣ ባለሥልጣኑን ሁሉ ይራገማል። "እኔ ልሂድና ደግሜ ልመስክር እንዴ?" ሲል እስጢፋኖስ ይደነግጣል። "ተው፣ ተው! ራሱ ይመጣል።"

ከወረቀቱ የተረፈው ይህ ነበር። ያልመጣው ወረቀት ሰው ያመጣለታል። "ቀርቷል" ያለ ቀን ነገሪ ምን ብሎ ሊመጣ ነው? ለምን ቀረ ካለስ ምን ይለዋል? ስለዚህ እውነቱን ዋጠ። ሳምንቱን ሙሉ ሳጥኑ "ጢ" ሲል እየሰማ፣ ከሰኞ ጀምሮ ቅዳሜን ይጠብቃል። ቅዳሜ ሲመጣም ሙሉ ደስታ አይደለም፤ ከወዳጁ ጋር ተቀምጦ ወዳጁ የማያውቀውን ብቻውን ይሸከማል። ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ብቸኝነት እንዳለ ያኔ ተማረ፤ ይህ ደግሞ ብቻውን ከመቀመጥ ይብሳል።

ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ነገሪ ቀረ። ዝናቡ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ብርጭቆዎቹን አወጣ፣ መለሰ። ሰኞ ላፍቶ ሊሄድ ተነሳና ዣንጥላውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ሄዶ ምን ሊል ነው? ምናልባት ሰለቸው። ዣንጥላውን ሰቀለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ፤ "አለህ?" የሚል ድምፅ ግን የለም። ሲከፍት ነገሪ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ቆሟል። እስጢፋኖስ ክው አለ።

"ማን ሞተ? ሞልቱ ደህና ናት?"

"ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት" አለ ነገሪ።

"የማንን?"

"የሸዋረገድን።"

ገባና እንደ ልማዱ ጓሮ ሳይሆን ሳሎን፣ ለቀስተኛ እንደሚቀመጠው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። "ያኔ ወንድሜን ላስታምም ወሊሶ ነበርኩ። የሰማሁት ከአርባዋ በኋላ ነው። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል ከረመ። ከከረመ በኋላ በምን ዓይኔ ልይህ? ቅያሜው ይብቃ ብለህ ቤቴ ስትመጣ እንኳ አፌ እንቢ አለኝ።" ከዚያ ቀጠለ። "በቀረሁበት ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ነበር። ለምን ታጉላላላችሁ ብዬ ልቆጣ። ያቺ ባለ መነጽሯ ነገረችኝ። ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

"ለኔ ብለህ ነው እኮ" አለ እስጢፋኖስ።

"ዋሸ ብትል ኖሮ ስምህ ይጻፍ ነበር። ዋሽቼም ነበር! ለምን ዝም አልክ?"

ነገሪ በነጠላው ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

"ባለፈው ቅዳሜ መምጣት አቃተኝ። ዛሬም አልነሳም ብዬ ተኝቼ ነበር። ሞልቱ መጣችና 'ይሄኛውንም እንደ ሸዋረገድ ለቅሶ አርባውን ልታሳልፈው ነው?' አለችኝ።"

እስጢፋኖስ ሻይ ላፍላ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ውሃውን ጣደ፣ ሁለት ብርጭቆ አወጣ፣ አንዱን ሊመልስ እጁን አነሳና ሳይመልሰው ዱካው ላይ ተቀመጠ። ሸዋረገድ በሞተች ጊዜ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየው ወንድ ነኝ ብሎ ያልወጣው እንባ አሁን መጣ። ስለ እሷ ይሁን፣ ስለ ወረቀቱ፣ የትም ስለማይጻፈው ስሙ፣ አልለየውም። አፉን በክንዱ ይዞ አለቀሰ። ውሃው ፈልቶ ክዳኑን ማንኳኳት ጀመረ።

ነገሪ ከሳሎን ሆኖ ጥቂት ጠበቀ።

"አለህ?" አለ።

መልስ የለም። ሲነሳ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ፤ ድምፁ ወደ ጓዳው በር ቀረበ።

"እስጢፌ! አለህ?"

"አለሁ" አለ እስጢፋኖስ፣ ሁለቱንም ብርጭቆ ይዞ ተነሳ።